የነጭ ጢሙ ፍርድ

ሁሻንግ ጢም አሳድጎ አያውቅም። ራሽት ከተማ ውስጥ በአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ሆኖ ዕድሜውን ሲጨርስ፣ በየማለዳው አገጩን ጥርግ አድርጎ ተላጭቶ፣ በዝናብ የራሰ ጃንጥላውን እያራገፈ በር ላይ ይቆም ነበር። ያረፈደውን ይቆነጥጣል፤ የተደባደበውን ያስታርቃል። ልጆቹ ከጀርባው «ዱባ» ይሉታል። ጡረታ የወጣ ዕለት መምህራኑ የግድግዳ ሰዓት ሸልመው ሸኙት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚያገኙት የድሮ ተማሪዎቹ እያዩት እንዳላዩ ሆነው ያልፉታል።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በስልክ ውስጥ የስድስት ሺህ ሰዎች ዳኛ የሆነው።

ነገሩ የተጀመረው በሚስቱ በሱዳቤ ሕመም ነው። የነርቭ በሽታ ያዛት። መጀመሪያ ጣቶቿ ደነዘዙ፤ ቀጥሎ ግራ እግሯ አልታዘዝ አላት። ሐኪሙ መርፌ አዘዘላት። ሁሻንግ ማዘዣውን ይዞ ያልረገጠው መድኃኒት ቤት አልነበረም። አንዱ «ማዕቀብ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ከወር በኋላ ብቅ በል» ይለዋል። በመጨረሻ አንዲት ፋርማሲስት ግራ ቀኙን አይታ፣ በመደርደሪያው ላይ ጎንበስ አለችና፣ «አባቴ፣ እዚህ አያገኙትም። በስልክዎ ይፈልጉ» ብላ የአንድ ግሩፕ ስም ሹክ አለችው።

ግሩፑ ገበያ ነበር። ከቱርክና ከኢራቅ በኩል በበቅሎና በሰው ጀርባ ተራራ ተሻግሮ የመጣ መድኃኒት ይሸጥበታል። ማንም በስሙ አይጠራም፤ ሻጩ «ጥድ» ይባላል፣ ገዢዋ «ሎሚ» ትባላለች። መሸጡም መግዛቱም ወንጀል ስለሆነ የተታለለ ሰው ፖሊስ ዘንድ ሄዶ አይከስም፤ ምን ብሎ ይከሳል? ስለዚህ ገበያተኞቹ የራሳቸውን ሕግ አወጡ። ገዢ ገንዘቡን በግሩፑ ባለቤት እጅ በአደራ ያስቀምጣል፤ ዕቃው ደርሶ «አገኘሁ» እስኪል ድረስ ሻጩ አይነካውም። ሻጩም በፈንታው ዋስ ይጠራል። ዋሱ የገዛ ራሱ የመታወቂያ ፎቶ ነው። ፎቶውን የሚያየው ዳኛው ብቻ ነው። ሻጩ ካጭበረበረ ግን ፎቶው ከነስሙ ከነአድራሻው ለሁሉም ይለጠፋል። ይህንን «ፊት ማውጣት» ይሉታል። እስር ቤት የላቸውም፣ ፖሊስ የላቸውም፤ ያላቸው ፊት ማውጣት ነው።

ሁሻንግ ለወራት ዝም ብሎ እየገዛ ኖረ። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሞቆ ስለተበላሸ መድኃኒት ሲሰዳደቡ አየና የልጆቹን ጠብ የሚዳኝበት አመሉ ተነሳበት። «መጀመሪያ ካርቶኑን የከፈተው ማን ነው? በረዶው ሲቀልጥ ያየ ሰው አለ?» እያለ አንድ ባንድ ጠየቃቸው። ሳይመሽ ታረቁ። ያን ጊዜ አንዱ «ይህ ሰውዬ ነጭ ጢም ነው» ብሎ ጻፈ። በዚያ አገር ሰው ሲገደልም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉም፣ ውሃ ሲያጣላም የሚጠሩት ሽማግሌ ነጭ ጢም ይባላል። ስሙ ተጣበቀበት። ሳይቆይ ማንም አይቶት የማያውቀው የግሩፑ ባለቤት «ሐጂ፣ ዳኝነቱን እርስዎ ይያዙልን» አለው።

ሁሻንግ መካን በፎቶ እንጂ በዓይኑ አላያትም። ሆኖም ሐጂ መባሉ ደስ አለው።

ሱዳቤ ትስቅበት ነበር። «ጢም አልባው ነጭ ጢም!» ትለዋለች ከሶፋው ላይ ሆና፣ «ፍርድህን ስትጨርስ ናና ባቄላውን ፈልፍልልኝ።»

«ችሎት ላይ ነኝ።»

«ችሎቱ አይበላም።»

እየሳቀ ይነሳል፤ ባቄላውን ይፈለፍላል፤ ዓይኑ ግን ከስልኩ አይነቀልም። የሚያገኘው ክፍያ የለም። የሚያገኘው አንድ ነገር ቢኖር «እጅዎ ይባረክ» መባል ነው። ለዱባ እሱ ብዙ ነው።

ከሻጮቹ ሁሉ ሁሻንግ የሚወደው «ባህረኛው»ን ነበር። ባህረኛው የቆየ፣ ስሙ የተመሰገነ፣ አንድ ጊዜም ተከሶ የማያውቅ ነው። አነጋገሩ ማር ነው። ደብዳቤውን ሁሉ «እጅዎን የምስም ታናሺዎ ባህረኛ» ብሎ ይጨርሳል። ሁሌም «ታናሺዎ» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ «ታናሽዎ» ማለት አቅቶት። ምክትል ርዕሰ መምህሩን እጁን ይበላዋል፤ ቀይ እስክሪብቶ ያምረዋል። ግን ጨዋ ሰውን በፊደል ማን ይቆጣል?

በጸደይ መጀመሪያ ላይ ሎሚ ከሰሰች። ሎሚ አህዋዝ የምትኖር ሴት ናት። ባሏ ካንሰር ይዞት ለእሱ ስትል ጌጧን ሸጣ ከባህረኛው መርፌ ገዝታ ነበር። ብልቃጡን የከፈተችው ነርስ ነገሩ አላማራት ብሎ ስታስመረምረው የጨው ውሃ ሆኖ ተገኘ። ሎሚ ይህን በጻፈች በማግስቱ ሌላው መጣ፣ ከዚያም ሌላው። ሁሉም ከባህረኛው ነው የገዙት፤ ሁሉም «አገኘሁ» ብለው ገንዘቡን ካስለቀቁ በኋላ ነው የነቁት።

ሁሻንግ ባህረኛውን ጠራው። መልስ የለም። ደግሞ ጠራው። ዝም። ግሩፑ ተናወጠ። «ፊቱን አውጣ! ፊቱን አውጣ!» የሚለው ጽሑፍ እንደ በረዶ ወረደ። ሁሻንግ ግን ወግ ወዳድ ነውና ቀጠሮ ሰጠ። «እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ድረስ ቀርቦ ይናገር። ካልቀረበ ይፈረድበታል» አለ። ሎሚም «ሐጂ፣ እርስዎ ካሉ እጠብቃለሁ» አለችው።

ዓርብ መጣ፤ ባህረኛው ቀረ። ሁሻንግ ዋስ የተባለውን ፎቶ አወጣና ለጠፈው። ኪዩማርስ ደላቫር፣ ፉማን ከተማ፣ እንዲህ ያለ መንገድ። ክብ ፊት፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለበት ሰው ነው። ምስጋናው ጎረፈ። «እጅዎ ይባረክ!» «አላህ ዕድሜ ይስጥዎ!» «ፍርድ እንዲህ ነው!»

ሁሻንግ ምሳውን በወጉ በላ። ሩዙን ጨለፍ እያደረገ ለሱዳቤ ነገራት።

«ሰውየውን አየኸው?» አለችው።

«የቱን?»

«የፈረድክበትን።»

«በስልክ ማን ማንን ያያል?»

«ታዲያ በምን አወቅከው?»

«መታወቂያው አለ እኮ፣ ሴትዮ!»

ሱዳቤ የዓሣዋን አጥንት መልቀም ቀጠለች።

ሳምንቱ ሳይወጣ አንድ ቪዲዮ ግሩፑ ላይ ተለጠፈ። ሦስት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች አንድ ሽርጥ ያሰረ ሰው ከምድጃ አጠገብ መሬት ላይ ጥለው ይረግጡታል። ክንዱ ዱቄት በዱቄት ነው። አንደኛው ስልክ ፊቱ ላይ ደቅኖ «ባህረኛው አንተ አይደለህም? በል!» ይለዋል። ሰውየው «የምን ባህረኛ? በልጄ ይዣችኋለሁ፣ የምን ባህረኛ?» ይላል። ከዚያ ክንዱ ሲሰበር ይሰማል። ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ተደርድሯል። «ለነጭ ጢሙ ምስጋና» ብሎ የጻፈም ነበረ።

ሁሻንግ መላልሶ አየው። ስንት ሺህ ልጅ ፊቱ ቆሞ «እኔ አይደለሁም» ብሎታል! ዋሽቶ የሚለውንና እውነቱን የሚለውን በዓይኑ ይለያል። የሚዋሸው አስቀድሞ መልሱን ያውቀዋል፤ ያልሠራው ግን ጥያቄው ራሱ አይገባውም። ይህ ሰው ጥያቄው አልገባውም ነበር።

በማግስቱ ሸሚዙን ለብሶ፣ ለሱዳቤ «መጣሁ» ብቻ ብሏት የፉማንን ታክሲ ተሳፈረ። የሩዙ ማሳ ውሃ ጠጥቶ ያበራል። አብረውት የተሳፈሩት ስለ ሩዝ ዋጋ ያወራሉ፤ እሱ ምን እንደሚል እየፈለገ አፉን ያንቀሳቅሳል።

ቤቱ መጋገሪያ ነበር፤ ፉማን የምትታወቅበትን በለውዝና በቀረፋ የተሞላ ብስኩት ይጋገርበታል። የብረት በሩ እስከ ግማሹ ወርዷል። ከባንኮኒው ኋላ የቆመች ሴት፣ የኪዩማርስ ሚስት ሾኩፌ፣ ካርቶን ታጥፋለች።

«ትኩስ የለንም አባባ። ያለው የባለፈው ነው» አለችው ቀና ሳትል።

«ግድ የለም። ባለቤትሽ የለም?»

እጇ ቆመ። «ምን ፈለጉት?»

«ልጠይቀው ነው የመጣሁት።»

«ጎረቤቶቹ እንኳ አልጠየቁት። እርስዎ ከየት ያውቁታል?»

ሁሻንግ በታክሲው ውስጥ ያሰናዳው ቃል ሁሉ ጠፋበት። «እኔ ነኝ» አላት።

«ምኑን?»

«ነጭ ጢም የሚሉት... እኔ ነኝ።»

ሴትዮዋ የተላጨ አገጩን፣ የተተኮሰ ሸሚዙን፣ ጃንጥላውን አየች። ከዚያ ሳቀች፤ የሚያስጠላ ሳቅ ነበር። «አንተ? ጢምህስ? ጢምህን የት ጣልከው?»

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ስሙን አየች፤ የባሏን ፎቶ ከሥሩ አየች። ሳቋ ደረቀ። «ኪዩማርስ!» ብላ ወደ ጓዳ ተጣራች። «ናና ዳኛህን እየው! በእግሩ መጥቶልሃል!»

ኪዩማርስ ወጣ። ክንዱ በጀሶ ታስሯል፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። ሁሻንግን ትክ ብሎ አየውና ከግድግዳው ጥግ ያለውን በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገለት።

«ተቀመጥ። ሾኩፌ፣ ሻይ አምጪለት።»

«አላመጣም!»

«እንግዳ ነው፣ አምጪለት።»

«እንግዳ? ይኼ? መርዝ ነው የማመጣለት!» አለች፤ አምጥታ ግን ሳህኑ እስኪንኳኳ ፊቱ አስቀመጠችለት። ሁሻንግ አልነካውም።

ኪዩማርስ ነገሩን በአጭሩ ነገረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ምድጃ ሊገዛ ፈልጎ ስልኩ ላይ የብድር ማስታወቂያ አየ። ጻፈላቸው። አንድ ጨዋ ሰው መለሰለት፤ የመታወቂያህን ፊትና ጀርባ አንስተህ ላክ አለው። ላከ። ከዚያ ብድሩም ጨዋው ሰውም ጠፉ። ኪዩማርስም ረሳው።

«መልእክቱ አለህ?» አለ ሁሻንግ።

ኪዩማርስ በደህና እጁ እየፈለገ አገኘውና ስልኩን ዘረጋለት። የመጨረሻው መስመር «እጅዎን የምስም ታናሺዎ» ይላል።

ሁሻንግ ፊደሏን አወቃትና ስልኩን መለሰለት። «እክስሃለሁ» አለ። «የሐኪሙን፣ የሥራህን...»

«ገንዘብህን አልፈልግም። ፊቴን መልስልኝ።»

«ዛሬውኑ እጽፋለሁ። ንጹሕ መሆንህን ለሁሉም እናገራለሁ።»

«ለሁሉም ነው?» አለች ሾኩፌ። «የእሱ ፎቶ ቃዝቪን ከተማ የእኔ ወንድም ጋ ደርሷል። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ አሳይቶኛል። ልጄ ትምህርት ቤት 'የመርዝ ነጋዴ ልጅ' ተብሏል። ሁሉም ማን ማን ነው? ስማቸውን ታውቃለህ? አንድ እንኳ ታውቃለህ?»

አያውቅም።

ቤቱ ሳይገባ፣ ታክሲ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጻፈው። ፍርዱ ስህተት እንደነበር፣ መታወቂያው የተሰረቀ እንደሆነ፣ ኪዩማርስ ደላቫር ንጹሕ እንደሆነ፣ ጥፋቱ የራሱ የነጭ ጢሙ እንደሆነ ጻፈ። እንዲህ ያለ ነገር በልቡ እንደሚያስከብረው ትንሽ ሳይገምት አልቀረም። ሰው ስህተቱን ሲያምን ይከበራል ብሎ ነው ስንት ልጅ ያስተማረው።

የመጀመሪያው መልስ «ስንት ከፈሉህ?» የሚል ነበር።

ሁለተኛው «ነጭ ጢሙ ተገዛ» አለ። «ሐጂ፣ ፈርተው ነው ወይስ ተካፍለው?» አለ ሌላው። ትናንት እጅዎ ይባረክ ያሉት ስሞች ናቸው፤ አንዱም አልተለወጠም። ሁሻንግ እየጻፈ ሲያስረዳ፣ ማስረጃ ሲያቀርብ፣ ያ ሁሉ ሰው እንደ ጎርፍ በላዩ ሄደበት።

መሐል ላይ ሎሚ ጻፈች።

«ባሌን ቀብሬዋለሁ። እርስዎ እስከ ዓርብ ጠብቂ አሉኝ፤ ጠበቅሁ። ከዚያ ሰውየው ይኸው አሉኝ። ያን ቪዲዮ ሳይ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። አሁን እሱ አይደለም ይሉኛል። እሺ፣ እሱ ካልሆነ ማን ነው? አንድ ሰው ስጡኝ። የሆነ ሰው ስጡኝ እንጂ።»

ሁሻንግ የሚሰጣት ሰው አልነበረውም። «አላህ ያጥናሽ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ጽሑፉ አልሄድ አለው። የግሩፑ ባለቤት አስወጥቶታል።

ወዲያው ለብቻው ከእሱው አንድ መልእክት መጣለት። «ሐጂ፣ ውለታዎን አንረሳም። ሰዉ ግን ልቡ ሸፍቷል። ለእርስዎም ደኅንነት ሲባል ነው።»

የቀድሞ ገዢ የነበረ አንድ ሰው፣ ለሁሻንግ ያዝንለት ስለነበር፣ የግሩፑን ወሬ እየቀዳ ይልክለት ነበር። አዲስ ዳኛ ተሾመ አለው። ስሙ «ሚዛን» ነው። ቆፍጣና ነው፤ ቀጠሮ አይሰጥም፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ የሁለት ሰዎችን ፊት አውጥቷል። ሰዉ ወዶታል። ሁሻንግ የሚዛንን የሹመት ንግግር አነበበ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ግማሹ እሱ ራሱ ለዓመታት ይለው የነበረው ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እጃችሁን የምስም ታናሺያችሁ፣ ሚዛን።»

ሁሻንግ ከወንበሩ ብድግ አለ። ለግሩፑ ባለቤት ጻፈለት። ሚዛን ማለት ባህረኛው ነው፤ ፊደሉን እይ፤ የኪዩማርስን መልእክት እይ፤ ውሃ የሸጠውም መታወቂያውን የሰረቀውም እሱ ነው እያለ አስረድቶ ላከ።

መልሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱዳቤ ሻይዋን እየጠጣች ሳለ።

«አውቃለሁ ሐጂ። ከእርስዎ በፊት አውቄያለሁ። ግን ልንገርዎ፤ ሌባን ከውጭ ከምጠብቀው በር ላይ ባቆመው ይሻለኛል። ዳኛ ሆኖ አይሰርቅም፤ ዳኝነቱ ራሱ ያበላዋል። ደግሞ ሰዉ የሚፈልገው የሚያጣራለትን አይደለም፤ የሚቀጣለትን ነው። እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። ለሚስትዎ ምሕረቱን ይላክ።»

ሁሻንግ የመጨረሻዋን ቃል ደግሞ አነበባት። ሚስቱ መታመሟን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ስልኩን ሶፋው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው።

«ምን አለህ?» አለች ሱዳቤ።

«አውቃለሁ አለኝ።»

«ማን መሆኑን?»

«ማን መሆኑንም፣ ማን መሆኔንም።»

ሱዳቤ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እንግዲህ ዝም በል» አለችው። «እስከ ዛሬ በተናገርከው ይብቃህ።»

የባህረኛውን ፊት ሊያወጣ ቢፈልግም የሚያወጣው ፊት አልነበረውም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ወደ ፉማን ደግሞ ሄደ። የሐኪሙን ወጪ በፖስታ አድርጎ ይዟል። የመጋገሪያው የብረት በር እስከ ታች ወርዶ ተቆልፏል። ጎረቤት ያለው አትክልት ሻጭ የሽንኩርት ጆንያ እያራገፈ «ለቀው ሄዱ» አለው። «ቃዝቪን ነው መሰለኝ፣ የሚስትየዋ ወገን ጋ።»

«ለምን?»

«ሌባ ነበር አሉ» አለ ሰውየው። «ለበሽተኛ ውሃ የሚሸጥ። ሲያዩት ደህና ሰው ይመስል ነበር! ብስኩቱም ጥሩ ነበር፤ አይካድም።»

«ንጹሕ ነው» አለ ሁሻንግ።

«እርስዎ ዘመዱ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ በምን አወቁ?» አለና ጆንያውን ማራገፉን ቀጠለ።

በጋው ሲገባ የሱዳቤ መርፌ አለቀ። ሁሻንግ ማዘዣውን ይዞ እንደገና መድኃኒት ቤቶቹን ዞረ። ማዕቀብ፤ ከወር በኋላ፤ የለም። ፋርማሲስቷ አወቀችው፤ ከንፈሯን ብቻ መጠጠችለት። የሱዳቤ እግር መጎተት ጀመረ። አንድ ጧት ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ወደቀችና ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ «አታንሳኝ ቆይ፣ ልረፍ» አለችው። እሱም አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

በዚያ ቀን ሌላ የስልክ ቁጥር ገዝቶ፣ «ጀማሪ» በሚል ስም ግሩፑ ውስጥ ገባ።

ሻጭ አገኘ። ገንዘቡን በአደራ አስገባ። ሕጉ ተሻሽሎ ነበር፤ ዕቃ የደረሰው ሰው «አገኘሁ» ካለ በኋላ ዳኛውን በግሩፑ ፊት ማመስገን አለበት፤ ያላመሰገነ ሁለተኛ አይሸጥለትም። ካርቶኑ መጣ፤ በረዶው ግማሹ ቀልጧል፤ ብልቃጦቹ ግን ይቀዘቅዛሉ። ማሸጊያቸው ደህና ይመስላል። የሎሚም ደህና ይመስል ነበር።

ሁሻንግ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ጻፈ። «ደርሶኛል። ሐጂ ሚዛን፣ እጅዎ ይባረክ።» የልብ ምልክት ከላይ ወረደለት፤ ከዚያም መልስ መጣ። «ምሕረቱን ይላክ ወንድሜ። ታናሺህ።»

«ምን ይልሃል?» አለች ሱዳቤ ሶፋው ላይ ሆና፣ እጅጌዋን እየጠቀለለች።

«ምሕረቱን ይላክ ይላል።»

«አሜን በለው እንግዲህ።»

መርፌውን አዘጋጀ፤ ክንዷን በአልኮል አበሰ። ፈሳሹን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየው። ጥርት ያለ ነው። ውሃም እንዲሁ ጥርት ያለ ነው።

«ውሃ ቢሆንስ?» አለችው።

ሁሻንግ ከመርፌው አየሩን አስወጣ።

«ማን ዘንድ ትከሳለህ?» አለች፤ ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «ውጋ በቃ። እጄ ደከመኝ።»

ወጋት።